ወንበሩ ላይ የሞቱት እና ከወንበሩ የወረዱት፦ የሞስኮና የፒተርስበርግ ውሎዬ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወደ ሩሲያ የምትሄዱ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቪዛና ማስተርካርድ በ2022 አገሪቱን ጥለው ስለወጡ ከውጭ ይዛችሁ የመጣችሁት ካርድ እዚህ አይሠራም። (የታሪኩን ዓመቶች በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የውሎዬን ቀን ብቻ በኛ።) እኔም ዶላሬን በጉያዬ ሸጉጬ ዶሞዴዶቮ አየር ማረፊያ ወረድኩ።

ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት መጥተው፣ ምሕንድስና ተምረው፣ እዚሁ አግብተው ወልደው፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። አማርኛቸው የድሮ ነው። አንዳንዴ "ጓድ" የምትለዋ ቃል ታመልጣቸዋለች።

መኪና ውስጥ ገና ሳንሞቅ ወሬው ካዛን ሆነ። የብሪክስ ጉባኤ እዚያ ከተዘጋ አራት ቀኑ ነው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አባል ስለሆነች ጠቅላይ ሚኒስትራችንም ሄደው ነበር። ከ20 በላይ የአገር መሪዎች ተገኝተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ጉቴሬዝ ሳይቀሩ መጥተዋል፤ በዚህ ኪየቭ በጣም ተቆጥታለች። ጋባዡ ፑቲን ግን ከማርች 2023 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእስር ማዘዣ ያለባቸው ሰው ናቸው።

"ተገለለ የተባለ ሰው ይሄን ሁሉ እንግዳ ሲጠራ አየሽ?" አሉ ጋሼ። ይደሰቱ ይገረሙ ለመለየት ቸግሮኝ ነበር።

ማታ የባንክ ሒሳባቸውን በስልካቸው አሳዩኝ። ማዕከላዊው ባንክ ባለፈው ዓርብ የወለድ ምጣኔውን 21 በመቶ አድርሶታል። የዩክሬኑ ጦርነት የዋጋ ንረቱን አንሮታል፣ ባንኩ ደግሞ በወለድ ሊገታው ይሞክራል። ጋሼ ጡረታቸውን አስቀምጠው ወለዱን ይበላሉ። በሌላው እጃቸው ቅቤና ድንች በየወሩ እየጨመረ ይወስድባቸዋል። "ይሄ የሚሰጠኝ ያ የሚቀማኝ ነው" ብለው ስልካቸውን ዘጉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

በሜትሮ ሄደን "አብዮት አደባባይ" የሚባል ጣቢያ ወረድን። የአዲስ አበባ ልጅ ይሄን ስም ሰምቶ ፈገግ ሳይል አያልፍም። ጣቢያው ውስጥ የነሐስ ሐውልቶች ተደርድረዋል፦ ወታደር፣ ገበሬ፣ ዶሮ ይዛ የተቀመጠች ሴት። የአንዱ ድንበር ጠባቂ ውሻ አፍንጫ ወርቅ መስሏል። መንገደኛ ሁሉ ለዕድል ብሎ ሲያልፍ ይነካዋል። ባለ ቦርሳው፣ ተማሪው፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ደባብሶ ይሮጣል። እኔም ደባበስኩ።

ፊት ለፊቱ ግን ሌላ የዕድል ማስታወቂያ አለ። ለጦር ሠራዊቱ በኮንትራት የሚቀጠር የሞስኮ ሰው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5.2 ሚሊዮን ሩብል ያገኛል ይላል። በዶላር ከ50 ሺህ በላይ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ወታደር ፊቱ ተሸፍኗል።

ቀይ አደባባይ ከቴሌቪዥኑ ያንሳል። የሌኒን መካነ መቃብር ቀይና ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሬሳ ለማየት ሰልፍ መያዝ አልሆነልኝም፣ ከውጭ አይቼ ተውኩት። ከጀርባው በክሬምሊን ግንብ ሥር ስታሊን አለ። እሱም ከሌኒን ጎን ለስምንት ዓመት ተጋድሞ ነበር፤ በ1961 በሌሊት አውጥተው እዚያ ቀበሩት። ኋላ የገዙት የሶቭየት መሪዎች ብሬዥኔቭ፣ አንድሮፖቭና ቼርኔንኮም በዚያው መስመር ናቸው።

ሦስቱ የሞቱት በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው፣ ከ1982 እስከ 1985። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። "ቴሌቪዥኑ ፕሮግራሙን ድንገት አቋርጦ ክላሲካል ሙዚቃ ሲያሰማ እንግዲህ አንዱ ሄደ እንላለን" አሉኝ። "ዶርሙ ውስጥ ማን ይሆን ብለን እንወራረድ ነበር።"

ከዚያ ግንቡን በአገጫቸው እያሳዩኝ ጠየቁኝ።

"እዚህ ለመቀበር መስፈርቱ ምን ይመስልሻል?"

"ትልቅ ሥራ መሥራት?"

"ቼርኔንኮ ምን ሠራ? ዓመት ከአንድ ወር ነው የገዛው፣ አብዛኛውንም ታሞ። መስፈርቱ ወንበሩ ላይ መሞት ነው። ሌሎቹን ሐሙስ አሳይሻለሁ።"

ስመለስ ታክሲ ልጠራ ስልኬን ከፈትኩ። ካርታው ቩኑኮቮ አየር ማረፊያ ነሽ አለኝ፣ ከከተማው ውጭ! እኔ የቆምኩት የክሬምሊን ግንብ ሥር ነው። ጋሼ ሳቁ። ድሮን እንዳይጠጋ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያውኩት እዚህ አካባቢ ስልክ ሁሉ ይጠፋዋል። ሦስት መንገድ በእግር ርቀን ነው ስልኬ ወደ ቀልቡ የተመለሰው።

በነገራችን ላይ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2022 መላው ዓለም ያየው ስብሰባ የተደረገው ከዚሁ ግንብ ወዲያ ነው። ፑቲን ለብቻቸው ራቅ ብለው ተቀምጠው የጸጥታ ምክር ቤታቸውን አባላት አንድ በአንድ እያስነሱ ጠየቁ። የውጭ የስለላ ድርጅቱ ኃላፊ ናሪሽኪን እንደ ተማሪ ተንተባተቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ታንኮቹ ዩክሬን ገቡ። ምክክር ሳይሆን መሐላ ማስፈጸም ነበር። የሩሲያን የውጭ ፖሊሲ መረዳት የሚፈልግ ሰው አሥር መጽሐፍ ከማንበብ ያንን ቪዲዮ ደግሞ ቢያየው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

በፈረንጅ ኦክቶበር 30፣ ሩሲያ የፖለቲካ ጭቆና ሰለባዎቿን የምታስብበት ቀን ነው። ሉብያንካ ሄድን። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ የድሮው ኬጂቢ የዛሬው ኤፍኤስቢ፣ ሕንፃ ፊት ለፊት ከሶሎቭኪ ደሴቶች የመጣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ደሴቶቹ የመጀመሪያዎቹ የሶቭየት ካምፖች የነበሩበት ቦታ ናቸው። ድንጋዩን ያቆመው "ሜሞሪያል" የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ2021 መጨረሻ በፍርድ ቤት ፈረሰ፤ በዓመቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ።

ድሮ በዋዜማው ሰው ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የተገደሉትን ስም በየተራ ያነብ ነበር። ከ2020 ጀምሮ ኮሮና ተብሎ ተከለከለ። ኮሮናው አለፈ፣ ክልከላው ቀረ። ዛሬ ሰዉ አበባ አስቀምጦ፣ ትንሽ ቆሞ ይሄዳል። ፖሊሶች ዳር ቆመዋል። ከጋሼ ጋር አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ጨረስን።

ከሰዓት በኋላ የጉላግ፣ ማለትም የሶቭየት የእስር ካምፖች፣ ታሪክ ሙዚየም ገባሁ፣ ብቻዬን። ጋሼ "ቀይ ሽብር ሁለት ወንድም ወስዶብኛል፤ ደግሜ አላይም" ብለው ቡና ሊጠጡ ቀሩ። ከየካምፑ የመጡ የእስር ቤት በሮች ቆመውበታል። ሳላየው ባለመቅረቴ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ካየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ የእሳት አደጋ መከላከያ ጉድለት አለበት ተብሎ ተዘጋ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዕለቱ ማርያም ነው። የሄድነው ደግሞ በእመቤታችን ስም ከተሠራው ከኖቮዴቪቺ ገዳም አጠገብ ወዳለው መቃብር። ተገጣጥሞ ነው አሉ ጋሼ፤ እኔ አላመንኳቸውም፣ ነጠላቸውን ከካፖርቱ ሥር አድርገውት ነበር።

መጀመሪያ ክሩሽቾቭ። ነጭ እብነ በረድና ጥቁር ግራናይት እርስ በርስ ተቆላልፈው ቆመዋል። መሐላቸው የነሐስ ጭንቅላታቸው አለ። የሠራው ኤርንስት ኔይዝቬስትኒ ነው። ክሩሽቾቭ በ1962 አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራውን አይተው ያዋረዱት ቀራፂ! ሲሞቱ ቤተሰቡ ሄዶ የለመነው እሱኑ ነው። እሱም እሺ ብሎ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ጥቁር አደረገው። ከዚህ የተሻለ የሕይወት ታሪክ ያነበብኩ አይመስለኝም።

ክሩሽቾቭ በኦክቶበር 1964 ከዕረፍት ተጠርተው መጡ፣ ጓዶቻቸው "በቃህ" አሏቸው፣ ጡረታ ወጡ። ከፓርቲው ቁንጮ ወርዶ በሕይወት ቤቱ የገባ መሪ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። በ1971 ሲሞቱ ግን ግንቡ ሥር አልተቀበሩም። እዚህ መጡ።

ትንሽ ራመድ ሲሉ ፕሬዚዳንት የልሲን። መቃብራቸው የሩሲያ ባንዲራ ነው፤ በነጭ እብነ በረድ፣ በሰማያዊ ሞዛይክና በቀይ ድንጋይ ተሠርቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ዲሴምበር 31 ቀን 1999 በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቀው ወረዱ። ተጠባባቂው ፑቲን በዚያው ዕለት አዋጅ ፈረሙ። አዋጁ ከሥልጣን ለወረደ ፕሬዚዳንትና ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ዋስትና፣ ያለመከሰስ መብቱን ጨምሮ የሚደነግግ ነው። እንግዲህ አስቡት። የአዲሱ ዘመን መጀመሪያ ወረቀት የድሮው ሰውዬ እንዳይታሰር የሚል ወረቀት ነው።

ጎርባቾቭ ከባለቤታቸው ከራይሳ ጎን ናቸው። በሴፕቴምበር 2022 ሲቀበሩ ፑቲን ፕሮግራም አለብኝ ብለው ቀሩ። ጋሼ ግን ሄደው ተሰልፈዋል።

"ወደዱት?" አልኳቸው።

"ምን እወደዋለሁ! በሱ ጊዜ ስኳር እንኳን በኩፖን ነበር። ግን ከነመኪናው ከነቤቱ፣ በሰላም የወረደ ሰው ነው። አገሬ እንዲህ ያለ አይቼ ስለማላውቅ ልየው ብዬ ነው።"

ለኛ አገር የጎርባቾቭ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። በ1977 ሶማሊያ ስትወረን ሞስኮ ትናንት ያስታጠቀቻትን ሞቃዲሾን ትታ ወደኛ ዞረች። መሣሪያው በአውሮፕላን ጎረፈ፣ ኩባዎች መጡ፣ ሶቭየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ውጊያውን ከኛ ሰዎች ጋር ሆኖ አቀነባበረ። ከዚያ በኋላ ደርግ በዚያ መሣሪያ ሰሜኑን ሲዋጋ ኖረ። ጎርባቾቭ ቧንቧውን እየጠበቡት ሄዱ። በ1991 መንግሥቱ ኃይለማርያም ሲወጡ አውሮፕላናቸው ያመራው ወደ ሞስኮ አልነበረም፣ ወደ ሐራሬ እንጂ።

መቃብሮቹ መሐል ቆሜ ነገሩ ተሰካካልኝ። ግንቡ ሥር ያሉት ወንበሩ ላይ የሞቱ ናቸው። እዚህ ያሉት ከወንበሩ የወረዱ። ሩሲያ ውስጥ ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ ማን ይግዛ ሳይሆን ገዢው እንዴት ይውረድ ነው፤ ውጭ አገር የምታደርገውም ብዙው ከዚህ ፍርሃት ይቀዳል።

"ፑቲንስ የት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዝም በይ" አሉኝ ጋሼ። ዙሪያውን ቃኙ። በአማርኛ እያወራን!

በ2020 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እስከ 2036 እንዲቆዩ ይፈቅድላቸዋል። ያኔ 83 ዓመታቸው ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሳፕሳን የሚባለው ፈጣን ባቡር ከሞስኮ ሴንት ፒተርስበርግ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባቡሩን የሠራው የጀርመኑ ሲመንስ ነው፤ ኩባንያው በ2022 ከሩሲያ ወጥቷል፣ ባቡሩ ግን ይሮጣል። ጋሼ ከትናንቱ ተመክረው ይመስላል ዛሬ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ስለ ሠራዊቱ "ሐሰተኛ መረጃ" የሚያሠራጭ ሰው እስከ 15 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ሕጉ ይላል። "ጦርነት" ከማለት "ልዩ ዘመቻ" ማለት ይሻላል። እኛ በአማርኛ "ያ ነገር" እያልን አራቱን ሰዓት ገፋነው።

ፒተርስበርግ እንደደረስን ስሞልኒ ሄድን። በ1917 ሌኒን አብዮቱን የመራበት ሕንፃ ነው። ሐውልቱ አሁንም ከፊቱ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። በ1990ዎቹ ደግሞ የከተማው ከንቲባ አናቶሊ ሶብቻክ ቢሮ ነበር። ከምሥራቅ ጀርመን የተመለሱት የኬጂቢ መኮንን ፑቲን ፖለቲካ የጀመሩት እዚህ ነው፣ የከንቲባው የውጭ ግንኙነት ኃላፊ፣ በኋላም ምክትል ሆነው።

በ1996 ሶብቻክ ምርጫ ተሸነፉ። ኮሮጆ ተቆጠረ፣ አለቀ። ትናንት ከተማ ያስተዳድሩ የነበሩት ሰው የሙስና ምርመራ ተከፈተባቸው፣ በ1997 ፓሪስ ሄዱ። የተመለሱት ፑቲን ሲነሡ ነው። በፌብሩዋሪ 2000 ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ፑቲን ሲያለቅሱ ታይተዋል።

ሰው ስለ ፑቲን ሲጽፍ ኬጂቢን ይደጋግማል። እኔ ግን ስሞልኒ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ያቺን የ1996 ምርጫ ነው። አለቃህ በንጹሕ ድምፅ ሲሸነፍና በዓመቱ ሲሰደድ ካየህ፣ ስለ ምርጫ የምትማረው ነገር ቀላል አይደለም። በማርች 2024 ፑቲን በ87 በመቶ "አሸነፉ" ተባለ። ዋናው ተቃዋሚ ናቫልኒ ከወር በፊት አርክቲክ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ፒስካሪዮቭስኮዬ። ይሄን መቃብር ሳያዩ ስለዚህ አገር ማውራት ነውር ነው።

ናዚዎች ሌኒንግራድን፣ የዛሬዋን ፒተርስበርግ፣ 872 ቀን ከበቡ። በረሃብ ክረምት የአብዛኛው ሰው የቀን ራሽን 125 ግራም ዳቦ ነበር፣ እሱም ዱቄቱ ብቻ ያልሆነ። እዚህ መቃብር ብቻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለ። ስም የለም። ረጃጅም የሣር ጉብታዎች አሉ፤ በያንዳንዱ ራስጌ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ዓመቱ ብቻ፦ 1942። ቀጥሎ 1942። እንደገና 1942። ወታደር ከሆነ ኮከብ፣ ሲቪል ከሆነ መዶሻና ማጭድ። አንዱ ድንጋይ ላይ ሰው ቁራሽ ጥቁር ዳቦና ሁለት ከረሜላ አስቀምጧል። ከረሜላው በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው።

የፑቲን ታላቅ ወንድም ቪክቶር በከበባው ጊዜ በሕፃንነቱ ሞቶ እዚሁ ተቀብሯል። እሳቸው የተወለዱት በ1952፣ ከጦርነቱ በኋላ ነው። ይሄ ሐዘን ተውኔት አይደለም። እያንዳንዱ ቤት አለ። የሚያናድደኝ ከዚህ ሐዘን ላይ የሚገነባው ነው። ዩክሬንን ሲወሩ "ከናዚ ልናጸዳት ነው" አሉ። ዩክሬንም በዚያው ጦርነት ሚሊዮኖችን ቀብራለች። ፕሬዚዳንቷም ይሁዲ ነው፤ ዘመዶቹ በናዚ እጅ አልቀዋል።

በመሐል ሞይካ ወንዝ ዳር ያለውን የገጣሚውን የፑሽኪንን ቤት አየን። የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ የጥቁር ሰው ምስል ያለበት የቀለም ዕቃ አለ። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ቀና አሉ። ቅድመ አያቱ ሐኒባል ከኛ ሰፈር ነው ይላሉ፤ ካሜሩኖችም የኛ ነው ይላሉ፣ ኤርትራውያንም። ክርክሩን ለዛሬ ትቼዋለሁ።

ማታ ሻይ ላይ አፍሪካ ተነሣች። በጁላይ 2023 ሁለተኛው የሩሲያና የአፍሪካ ጉባኤ የተካሄደው በዚህ ከተማ ነው። በ2019 ሶቺ 43 መሪ መጥቶ ነበር፤ እዚህ 17። ፑቲን ለስድስት አገር፣ ለእያንዳንዳቸው ከ25 እስከ 50 ሺህ ቶን እህል በነፃ ቃል ገቡ፤ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ መካከለኛው አፍሪካ፣ ዚምባብዌ፣ ሶማሊያና ኤርትራ።

"ስንዴው ሰበብ ነው" አልኳቸው። "ሩሲያ የምትሸጠው ዋናው ዕቃ ሌላ ነው። ከሥልጣን አለመውረድን ነው።"

ጋሼ ስኳሩን እያማሰሉ ሰሙኝ። ቆጠርኩላቸው። በ2015 የሩሲያ አውሮፕላኖች የሶሪያውን አሳድን አተረፉ። በ2020 ሚንስክ በሰልፍ ስትናጥ ሞስኮ ከቤላሩሱ ፕሬዚዳንት ከሉካሼንኮ ጎን ቆመች። በጃንዋሪ 2022 ካዛክስታን ስትቃጠል ወታደር ልካ ፕሬዚዳንት ቶካዬቭን አረጋጋች። በመካከለኛው አፍሪካ የፕሬዚዳንት ቱዋዴራን ደኅንነት የሩሲያው ቅጥረኛ ጦር ዋግነር ያዘ። ገዢው መድን ገዛ፣ ሩሲያ ደግሞ ወርቁንና ድምፁን ወሰደች። አሜሪካም ፈረንሳይም ይሄን ንግድ ያውቁታል፤ ሞስኮ ግን ስለ ምርጫና ስለ ሰብአዊ መብት አትጠይቅም፣ ይሄ ነው ተፈላጊ ያደረጋት።

"እኛስ?" አሉ ጋሼ።

እኛማ የታወቀ ነው። በሜይ 2021 አዲስ አበባ ሰልፍ ላይ የፑቲን ፎቶ ይዘን ወጣን፣ ምዕራባውያኑ በትግራይ ጦርነት ጉዳይ ሲጫኑን በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ ሞስኮና ቤጂንግ ተከላክለውልናልና። በማርች 2022 ጠቅላላ ጉባኤው የዩክሬኑን ወረራ ሲያወግዝ 141 አገር ደገፈ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ኢትዮጵያ ድምፅ መስጫው ላይ አልነበረችም። ራሷ በጣልያን ስትወረር ጄኔቭ ላይ ዓለም ፊቱን ያዞረባት አገር! እኔን ያሳፍረኛል። ጋሼ ግን "ብልህነት ነው" አሉ። አልተስማማንም፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

በሌሊት ባቡር ሞስኮ ተመልሰን በቀጥታ ዶሞዴዶቮ። ሻንጣዬ ውስጥ የጋሼ ሚስት የሰጡኝ እንጉዳይና ማር አለ።

ሰልፍ ላይ ቆሜ በሕይወት ያለ የቀድሞ የሩሲያ ፕሬዚዳንት ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንድ፣ ሜድቬዴቭ። እሳቸውም ዛሬ የሩሲያ የጸጥታ ምክር ቤት ምክትል ሊቀ መንበር ሆነው በየሳምንቱ ስለ ኑክሌር ይዝታሉ። ሥልጣን የለቀቁ ሳይሆን ከፑቲን ተበድረው የመለሱ ናቸው። የሌላ አገር የወረዱ መሪዎችን ግን ሞስኮ ትቀበላለች፤ የኪርጊዝስታኑ አካዬቭ በ2005 መጡ፣ የዩክሬኑ ያኑኮቪች በ2014።

እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ ኅዳር 29፣ ደማስቆ ወደቀች። አሳድ ከነቤተሰባቸው ሞስኮ ገቡ። ጋሼ ደወሉልኝ። "ያ መድን ያልሽው ነገር ጊዜው አለፈበት" አሉ።

ሩሲያ ሶሪያ ውስጥ የታርቱስ የባሕር ኃይል ሰፈርና የህሜይሚም አየር ማረፊያ አላት። በጃንዋሪ 2025 የሩሲያ ልዑካን ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር ሊነጋገሩ ደማስቆ ሄዱ። ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ደግሞ አሳድን የጣሉት አሕመድ አል ሻራ ራሳቸው ክሬምሊን ገብተው ከፑቲን ጋር ተጨባበጡ። አሳድ እዚያው አገር ነበሩ፣ ጥገኛ ሆነው።